«ተቀምጧል» ሲባል የት? የገጽ ካሽና በተጠቃሚ ክልል የሚሠሩ ፋይል ሲስተሞች

ኮምፒዩተር የሚጠቀም ተማሪ በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚሰጠው አንድ ትእዛዝ ቢኖር የጻፈውን ጽሑፍ «አስቀምጥ» የሚለው ነው። ትእዛዙ በተሰጠ በዐይን ጥቅሻ ፕሮግራሙ ሥራውን መፈጸሙን ያሳውቃል፤ ተማሪውም በሙሉ ልብ ወደሚቀጥለው ተግባሩ ይሸጋገራል። ይሁንና በዚያች ቅጽበት ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ዲስክ ላይ አልደረሰም። የሚገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ይዞታውን በሚያጣው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው። መብራት ድንገት በሚጠፋበት፣ ፍላሽ ዲስክም ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው እየተነቀለ በሚዞርበት የትምህርት ሕይወት ይህ ልዩነት የወራት ድካምን ዕጣ የሚወስን ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የፋይሎችን ቅጂ በማኅደረ ትውስታ የሚይዝበትን ዘዴ፣ ማለትም የገጽ ካሽን፣ እንመለከታለን። ቀጥሎም ፋይሎቹን የሚያቀርበው አካል እንደ ማንኛውም ተራ ፕሮግራም በተጠቃሚ ክልል የሚሠራ ሲሆን ይኸው ዘዴ ምን ጥቅም እንደሚሰጥና ምን አዲስ ችግር እንደሚያስከትል እናያለን። ለምሳሌነት የተመረጠው በሊነክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ የሚገኘው ፊውዝ የተባለው ሥርዓት ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ መጠሪያው በምሕጻር የተወሰደ እንጂ ከኤሌክትሪክ ፊውዝ ጋር ዝምድና የለውም።

የዲስክና የማኅደረ ትውስታ ፍጥነት

ካሽ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ከፊዚክስ መነሣት ይጠቅማል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እንውሰድ። ይህ ዲስክ በሰከንድ 120 ዙር ስለሚዞር አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሚፈለገው መረጃ ከአንባቢው መሣሪያ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ፣ መጠበቅ ግድ ነው። መሣሪያውን የተሸከመው ክንድ ወደ ትክክለኛው መስመር ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሲጨመርበት ጠቅላላው ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይጠጋል። ክንዱም ሆነ የሚሽከረከረው ሳሕን መጠነ ቁስ ያላቸው አካላት በመሆናቸው ይህን ጊዜ እንደ ልብ ማሳጠር አይቻልም።

በአንጻሩ ከማኅደረ ትውስታ አንድ መረጃ ለማግኘት 100 ናኖሰከንድ ያህል ይበቃል። ልዩነቱ 100,000 እጥፍ መሆኑ ነው። ከማኅደረ ትውስታ ማንበብ 1 ሰከንድ ይፈጃል ብለን ብናስብ፣ በዚሁ ሚዛን ከሃርድ ዲስክ ማንበብ ወደ 28 ሰዓት ይወስዳል። ተንቀሳቃሽ አካል የሌላቸው ኤስኤስዲ የተባሉት ዲስኮች እጅግ የተሻሉ ናቸው፤ የ100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ምላሻቸው በዚያው ሚዛን ሲለካ ግን 17 ደቂቃ ያህል ነው። ለእያንዳንዷ መረጃ ይህን ያህል መጠበቅ ቢኖርበት ፈጣኑ ፕሮሰሰር አብዛኛውን ዕድሜውን ሥራ ፈትቶ ያሳልፍ ነበር።

ገጽና የገጽ ካሽ

ካሽ የሚለው ቃል «መደበቅ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ የመጣ ሲሆን፣ ለቅርብ ጊዜ አገልግሎት በአጠገብ የተቀመጠ ቅጂን ያመለክታል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ማኅደረ ትውስታን የሚያስተዳድረው እኩል መጠን ባላቸው ክፍሎች ከፍሎ ነው፤ እነዚህ ክፍሎች ገጾች ይባላሉ። በአብዛኞቹ የግል ኮምፒዩተሮች የአንድ ገጽ መጠን 4,096 ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ አንድ ገጽ 1,365 ያህል ፊደላትን ይሸከማል ማለት ነው።

አንድ ፕሮግራም ከፋይል ለማንበብ ሲጠይቅ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል የሆነው ከርነል አስቀድሞ የሚመለከተው የገጽ ካሹን ነው። የተፈለገው ገጽ እዚያ ካለ ቅጂውን ወዲያውኑ ይሰጣል፤ ዲስኩ ጨርሶ አይነካም። ከሌለ ከዲስክ ያመጣዋል፤ ለጠያቂው ከመስጠቱም ጋር ለሚቀጥለው ጥያቄ በካሹ ውስጥ ያቆየዋል። ፋይሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ በተከታታይ እየተነበበ መሆኑን ሲያስተውል ደግሞ ገና ያልተጠየቁትን ቀጣይ ገጾች አስቀድሞ ይጭናል። ማኅደረ ትውስታው ሲጣበብ በቅርብ ጊዜ ያልተነኩ ገጾች እየተለቀቁ ቦታው ለሌላ ሥራ ይውላል።

ጉዳዩን በቤተ መጻሕፍት ልንመስለው እንችላለን። የመደርደሪያው ክፍል ዲስክ ነው፤ የሠራተኛው ጠረጴዛ ደግሞ የገጽ ካሽ። ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን መጽሐፍ ሠራተኛው በየጊዜው ወደ መደርደሪያው ከመመላለስ ይልቅ ጠረጴዛው ላይ ያቆየዋል። ጠረጴዛው ሲሞላ ጠያቂ ያጣው መጽሐፍ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከርነሉና የተጠቃሚው ክልል

ፕሮሰሰሩ ሥራዎችን የሚያከናውነው ቢያንስ በሁለት የሥልጣን ደረጃዎች ነው። ከርነሉ የሚሠራበት ክልል ሙሉ ሥልጣን አለው፤ ማንኛውንም የማኅደረ ትውስታ ክፍልና ማንኛውንም መሣሪያ ያዛል። የጽሑፍ ማቀነባበሪያ፣ የኢንተርኔት ማሰሻና የመሳሰሉት ተራ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ግን በተጠቃሚ ክልል ነው፤ ከተሰጣቸው ድርሻ ውጭ ሊነኩ የሚችሉት የለም። አንድ የተጠቃሚ ፕሮግራም ቢሳሳት የሚሞተው እርሱ ብቻ ነው። የከርነል ስሕተት ግን መላውን ኮምፒዩተር ሊያቆም ይችላል።

በዲስክ ላይ ያለውን ጥሬ መረጃ በስም፣ በማውጫና በፋይል አደራጅቶ የሚያቀርበው ሶፍትዌር ፋይል ሲስተም ይባላል። ይህ ሶፍትዌር በልማድ የሚኖረው በከርነሉ ውስጥ ነበር፤ ስለሆነም አዲስ ፋይል ሲስተም መጻፍ አስቸጋሪም አደገኛም ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በሃንጋሪያዊው ሚክሎሽ ሰረዲ የተጀመረውና እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ከሊነክስ ከርነል 2.6.14 ጋር የተዋሐደው ፊውዝ ይህን ሁኔታ ለወጠ። በፊውዝ አማካይነት የፋይል ሲስተሙ ሥራ ለአንድ የተጠቃሚ ፕሮግራም ይሰጣል፤ ከርነሉ የሚያከናውነው ጥያቄዎችን የማስተላለፍ ተግባር ነው።

ፍሬው ብዙ ነው። ኤስኤስኤችኤፍኤስ የተባለው ፕሮግራም በሌላ አገር በሚገኝ ኮምፒዩተር ላይ ያሉ ፋይሎችን በራሳችን ዲስክ ላይ እንዳሉ አድርጎ ያሳየናል። ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ ደግሞ በዊንዶውስ አሠራር የተዘጋጁ ዲስኮችን ሊነክስ እንዲያነብና እንዲጽፍ ለብዙ ዓመታት ዋነኛ መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል፤ ለዚሁ ተግባር የሚውል አዲስ የከርነል ሶፍትዌር የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2021 በከርነል 5.15 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው አንድሮይድ 11 ወዲህም ስልኮች የጋራ ማከማቻቸውን ለአፕሊኬሽኖች የሚያቀርቡት በፊውዝ በኩል ስለሆነ፣ ብዙ አንባብያን ይህን ሥርዓት በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ።

የአንድ ጥያቄ ጉዞ

አንድ ፕሮግራም በፊውዝ ሥር ያለን ፋይል ለማንበብ ሲጠይቅ ጥያቄው በመጀመሪያ ወደ ከርነሉ ይገባል። ገጹ በካሽ ውስጥ ካልተገኘ ከርነሉ ጥያቄውን በወረፋ ያስቀምጠዋል፤ ጠያቂውንም ያስተኛዋል። ከዚያም የፋይል ሲስተሙ ፕሮግራም ነቅቶ ጥያቄውን በልዩ መተላለፊያ በኩል ያነባል። መልሱን ለማግኘት ራሱ ከዲስክ ማንበብ ወይም በኔትወርክ መጠየቅ ሊኖርበት ስለሚችል እንደገና ወደ ከርነሉ ይገባል። መረጃው በእጁ ሲገባ ለከርነሉ ያስረክባል፤ ከርነሉም በገጽ ካሹ ውስጥ አስቀምጦ የተኛውን ጠያቂ ይቀሰቅሳል። በከርነሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ገብቶ በመውጣት ያልቅ የነበረው ሥራ አሁን በሁለት ፕሮግራሞች መካከል የሚደረግ ምልልስ ሆነ ማለት ነው።

በምሳሌያችን መሠረት መጽሐፉ ያለው በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ቤት ነው። ሠራተኛው በተጠየቀ ቁጥር ወደ ባለቤቱ ሰው ይልካል። የጠረጴዛው ዋጋ ከፍ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ቅጂው ጠረጴዛው ላይ ከተገኘ መልእክተኛ አይላክም። በፊውዝም እንዲሁ ገጹ በካሽ ውስጥ ሲገኝ የፋይል ሲስተሙ ፕሮግራም ከነጭራሹ አይነቃም፤ ንባቡም በከርነሉ ውስጥ ካለ ፋይል ሲስተም ከሚደረገው ንባብ ጋር ተቀራራቢ ፍጥነት ይኖረዋል።

ጥቅሙን በቁጥር እንመልከት። ፋይሉ ያለው በመስመር 5,000 ኪሎሜትር ርቆ በሚገኝ ሰርቨር ላይ ነው እንበል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ስለሚጓዝ የደርሶ መልስ ጉዞው ብቻ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ይህን ጊዜ የትኛውም መሐንዲስ ሊቀንሰው አይችልም። የፋይሉ መጠን 1,048,576 ባይት ቢሆን 256 ገጾች አሉት። እያንዳንዱ ገጽ በተናጠል፣ አንዱ መልስ ከደረሰ በኋላ ሌላው እየተጠየቀ ቢመጣ 12.8 ሰከንድ ይጠፋል። ከርነሉ ቀጣዮቹን ገጾች ቀድሞ በማሰብ 32 ገጾችን በአንድ ጥያቄ ቢጠይቅ 8 ጥያቄዎች ስለሚበቁ ጊዜው ወደ 0.4 ሰከንድ ይወርዳል። ያው ፋይል ለሁለተኛ ጊዜ ሲነበብና ገጾቹ በካሽ ውስጥ ሲገኙ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይበቃል።

እውነተኛው ይዞታ በማን እጅ ነው?

ከርነሉ ራሱ በሚያስተዳድረው ዲስክ ላይ ማንኛውም ለውጥ የሚደረገው በእርሱ በኩል ነው። ስለዚህ በካሹ ያለው ቅጂ ከፋይሉ የመጨረሻ ይዞታ ጋር ምን ጊዜም ይስማማል። በፊውዝ ግን ይህ ዋስትና የለም። እውነተኛው ይዞታ ያለው በተጠቃሚው ፕሮግራም ወይም ከእርሱ በስተጀርባ ባለው ሰርቨር ዘንድ ነው፤ እዚያ የሚደረገውን ለውጥ ከርነሉ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። በሌላ አገር ያለ ባልደረባ በሰርቨሩ ላይ የሚገኘውን የሙከራ ውጤት ቢያርም፣ እኛ ግን ከካሽ የምናነበው የቀድሞውን ቁጥር ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩ የስሕተት መልእክት አያሳይም፤ ያረጀውን መረጃ እንደ ትኩስ አድርጎ ያቀርበዋል።

የሥነ ፈለክ ተማሪዎች ለዚህ ሁኔታ እንግዳ አይደሉም። የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት የምናየው አሁን ያለችውን ፀሐይ ሳይሆን ያኔ የነበረችውን ነው። የካሽ ገጽም ስለ ፋይሉ የሚነግረን የተቀዳበትን ሰዓት ይዞታ ነው። ጥያቄው ምን ያህል ያረጀ ቅጂን መታገሥ እንችላለን የሚለው ነው።

ፊውዝ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ አይሰጥም፤ ምርጫውን ለፋይል ሲስተሙ ጸሐፊ ይተዋል። ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር አንድ ፋይል እንደገና በተከፈተ ቁጥር ከርነሉ የቀድሞዎቹን ገጾች ጥሎ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ፋይሉ እንደማይለወጥ ርግጠኛ የሆነ ፕሮግራም ግን ገጾቹ እንዲቆዩ ማዘዝ ይችላል። ሦስተኛው መንገድ ፋይሉ ሲከፈት መጠኑና የመጨረሻ ለውጡ ሰዓት ተመርምሮ ልዩነት ከተገኘ ብቻ ገጾቹን መጣል ነው። የፋይሉን መጠንና ሰዓት የሚመለከተው መረጃ ራሱ በካሽ የሚያዝ ሲሆን፣ የተለመደው የቆይታ ጊዜ 1 ሰከንድ ነው። ፕሮግራሙ ለውጥ መኖሩን ሲያውቅ «ያ ገጽ አርጅቷል» ብሎ ለከርነሉ የሚያሳውቅበት መንገድም አለ። በመጨረሻም የገጽ ካሹን ጨርሶ በመተው እያንዳንዱን ንባብ በቀጥታ ማስተላለፍ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ መረጃው ሁልጊዜ ከምንጩ ይመጣል፣ ፍጥነቱ ግን ይጎዳል።

ሲጻፍስ?

እስካሁን ያየነው ንባብን ነው። ሲጻፍ ሁኔታው ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በንባብ የሚጠፋው ጊዜ ሲሆን በጽሕፈት ግን መረጃው ራሱ ሊጠፋ ይችላልና።

ተራ ፋይል ሲስተም ላይ አንድ ፕሮግራም ሲጽፍ ከርነሉ መረጃውን በገጽ ካሹ ላይ ብቻ መዝግቦ «ተፈጽሟል» ይላል። በካሽ ተለውጦ ዲስክ ላይ ገና ያልሰፈረ ገጽ በባለሙያዎች አነጋገር «ቆሻሻ ገጽ» ይባላል። በሊነክስ የተለመደው አሠራር እነዚህን ገጾች የሚያጸዳው የከርነል ሠራተኛ በየ5 ሰከንዱ እየነቃ ከ30 ሰከንድ በላይ የቆዩትን ወደ ዲስክ መላክ ነው። በዚህ መካከል ኃይል ቢቋረጥ ያልተላከው ይጠፋል።

ፊውዝ በመጀመሪያ የተከተለው ከዚህ የተለየ መንገድ ነበር፤ ዛሬም ሌላ ካልታዘዘ የሚሠራበት ይኸው ነው። እያንዳንዱ የጽሕፈት ጥያቄ ወዲያውኑ ለተጠቃሚው ፕሮግራም ይተላለፋል፤ በገጽ ካሹ ያለውም ቅጂ አብሮ ይታረማል። ጥንቃቄው መልካም ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ፕሮግራም 4,096 ባይቶችን አንድ በአንድ ቢጽፍ 4,096 ምልልሶች ያስፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በከርነል 3.15 የተጨመረው አማራጭ ግን ፊውዝም እንደ ተራ ፋይል ሲስተም ቆሻሻ ገጾችን እያጠራቀመ በአንድነት እንዲልክ ፈቀደ። በምሳሌያችን 4,096ቱ ጥያቄዎች ወደ አንድ ገጽ ተጠቃለው በአንድ ምልልስ ያልቃሉ።

በዚህ አማራጭ ፋይሉ ሲዘጋ ከርነሉ ያጠራቀማቸውን ገጾች ለፕሮግራሙ ያስረክባል። ነገር ግን ርክክቡ የጉዞው መጨረሻ አይደለም። ፕሮግራሙ የተቀበለውን በተራው ወደ ዲስክ ሲጽፍ በሌላ የገጽ ካሽ ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ መረጃው አሁንም በማኅደረ ትውስታ ሊቆይ ይችላል። በእርግጥ ዲስክ ላይ ይስፈር የሚል፣ ኤፍሲንክ የተባለ ትእዛዝ አለ። በፊውዝ ሥር ከርነሉ ይህን ትእዛዝ ለፕሮግራሙ ያስተላልፋል፤ መፈጸም አለመፈጸሙ ግን በፕሮግራሙ ጸሐፊ ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ፕሮግራሙ በመካከሉ ቢሞት ደግሞ ኮምፒዩተሩ ሥራውን ይቀጥላል፣ ያልተረከቡት ገጾች ግን ተቀባይ ያጣሉ።

ክበቡን መስበር

ሌላም ስውር ችግር አለ። ማኅደረ ትውስታው ሲያልቅ ከርነሉ ቦታ ለማግኘት ቆሻሻ ገጾችን አስረክቦ መልቀቅ ይፈልጋል። ገጾቹን የሚረከበው የተጠቃሚው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ግን ሥራውን ለመሥራት ራሱ ማኅደረ ትውስታ ያስፈልገዋል፤ ይህንኑም ከከርነሉ ይጠብቃል። ከርነሉ ፕሮግራሙን፣ ፕሮግራሙም ከርነሉን ሲጠብቁ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ይህ እንዳይደርስ ፊውዝ ሊያጠራቅም የሚችለው የቆሻሻ ገጽ መጠን ከሌሎች ፋይል ሲስተሞች ይልቅ በጠባብ ወሰን ተገድቧል።

ከዚህም በተጨማሪ ፕሮግራሙ መረጃውን በአካባቢው ዲስክ ላይ የሚያኖር ከሆነ ያው መረጃ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊያዝ ይችላል፤ አንዱ ቅጂ በፊውዝ ፋይል ስም፣ ሌላው ከሥሩ ባለው ፋይል ስም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ከርነል 6.9 ለዚህ መፍትሔ የሚሆን መንገድ ከፍቷል። ፕሮግራሙ ፋይሉ ሲከፈት ፈቃዱን ከሰጠ ከርነሉ ንባቡንና ጽሕፈቱን ከሥር ወዳለው ፋይል በቀጥታ ያሻግራል።

የሊነክስ መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2011 በተጠቃሚ ክልል የሚሠሩ ፋይል ሲስተሞች ከመጫወቻነት ለሚያልፍ ሥራ አይሆኑም የሚል ጠንካራ አስተያየት ሰጥቶ ነበር። ከስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲና ከአይቢኤም የምርምር ክፍል የተውጣጡ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረቡት ጥናት ደግሞ በልኬት መልስ ሰጥቷል። ፊውዝ ተሻሽሎም ቢሆን የሚያስከትለው የፍጥነት ቅነሳ እንደ ሥራው ዐይነት ከማይታወቅ መጠን አንሥቶ እስከ 83 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ «ፊውዝ ፈጣን ነው ወይስ ዘገምተኛ?» የሚለው ጥያቄ ያለ ሥራው ዐይነት መልስ የለውም።

ለአንባቢው የሚጠቅመው

ከዚህ ሁሉ ተማሪው ይዞት የሚሄደው ተግባራዊ ትምህርት አለ። የኮፒ ማሳያው 100 በመቶ መድረሱ ፋይሉ ፍላሹ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። ፍላሽ ዲስክን ኢጀክት ሳያደርጉ መንቀል ያልተላኩትን ገጾች ማኅደረ ትውስታው ውስጥ ማስቀረት ነው፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይሉ የለ፣ በዚህ ጉዳይ ግን የፈሰሰው ላይለቀምም ይችላል። በሩቅ ሰርቨር ላይ ያለን ፋይል ከሌሎች ጋር የሚጋራ ሰውም የሚያነበው ቁጥር ለውሳኔ የሚጠቅም ከሆነ ፋይሉን ዘግቶ እንደገና መክፈት ይኖርበታል። የራሱን ፕሮግራም የሚጽፍ ደግሞ ሊጠፋ የማይገባውን መረጃ ከጻፈ በኋላ ኤፍሲንክን መጥራትና የሚመለሰውን መልስ መመርመር አለበት።

ሊነክስ ያለው አንባቢ ነገሩን በዐይኑ ሊያየው ይችላል። ፕሮክ በተባለው ማውጫ ሥር ሜምኢንፎ የሚባል ፋይል ይገኛል፤ በውስጡም «ደርቲ» የሚል መስመር አለ፣ ያልጸዱ ገጾችን መጠን በኪሎባይት የሚያሳይ። አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ፍላሽ ዲስክ እየገለበጡ ይህን መስመር በየሰከንዱ ማንበብ ነው። ቁጥሩ በፍጥነት ያሻቅባል፤ የመገልበጡ ሥራ አለቀ ከተባለም በኋላ ቁልቁል ለመውረድ ጊዜ ይወስዳል። ሲንክ የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ እስኪመለስ መጠበቅና ቁጥሩን እንደገና ማየት ሙከራውን የተሟላ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ንባብና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት፣ «ተቀምጧል» ተብሎ ገና ሳይቀመጥ የቆየው መረጃ መጠን ነው።